ጥቃቅኖቹ ተቈጣጣሪዎችና የነቀርሳ በሽታ

(ለመምህራን ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



የሥነ ሕይወት መምህር ስለ ውርሻ ባስተማረ ቍጥር ከተማሪዎቹ አንዱ ሳይጠይቀው የማይቀር ጥያቄ አለ። ይኸውም «ነቀርሳ በዘር ይወረሳልን?» የሚለው ነው። ለሚሰማው ሰው የፈተና ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ጠያቂው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ስለ ፈተና ሳይሆን ስለ ታመመች እናቱ ወይም ስለ ሞተች አክስቱ ነው። መምህሩ «አዎን» ብሎ ብቻ ቢያልፍ የልጁን ልብ በከንቱ ያሸብራል፤ «የለም» ብሎ ቢያልፍ ደግሞ እውነቱን ያጐድላል። በኢትዮጵያ ጋብቻ በታሰበ ጊዜ የወገን ነገር አስቀድሞ የሚመረመር በመሆኑ፥ «በሽታው ከዘር ነው» የሚለው ቃል ከክፍል ወጥቶ ቤት ለቤት የሚዞር፥ የሰው ኑሮ የሚያበላሽም ቃል ነው። ስለዚህ ይህን ቃል የሚናገር ሰው በምን ማስረጃ እንደሚናገረው ማወቅ ይገባዋል።

በዚህ ንግግር የሚመረመረው ከጥያቄው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። እርሱም፥ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ በታወቁት፥ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. በሚባሉት ጥቃቅን ተቈጣጣሪዎች ላይ የሚገኝ የፊደል ልዩነት ለነቀርሳ በር ይከፍት እንደ ሆነ ነው። ነቀርሳ ሲባል እዚህ ላይ ካንሰር የተባለው በሽታ ነው እንጂ፥ ሳንባ ነቀርሳ ተብሎ የሚጠራውና በተሕዋስያን የሚመጣው ቲቢ አይደለም፤ ሁለቱ በስም ይቀራረባሉ እንጂ በጠባይ አይዛመዱም። የሚጠቀሱትም ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በሰው ሕዋስ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የተባለ ረጅም ጽሑፍ ይገኛል። ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል አለው፤ የፊደል ገበታው ግን አራት ብቻ ነው፤ እነርሱም ኤ፥ ሲ፥ ጂና ቲ ይባላሉ። ይህን ጽሑፍ እንደ አንድ መሥሪያ ቤት ዋና መዝገብ አድርጎ ማሰብ ይቻላል። ዋናው መዝገብ ከመዝገብ ቤት አይወጣም፤ ሥራ ባስፈለገ ጊዜ ግን ከገጾቹ አንዱ ይገለበጥና ግልባጩ ወደ ሥራው ክፍል ይላካል። ይህ ግልባጭ አር.ኤን.ኤ. ይባላል፤ በእርሱም መሠረት ፕሮቲን ይሠራል። በትምህርት ቤት መጻሕፍት ለብዙ ዘመን ሲነገር የኖረው እስከዚህ ድረስ ነበር። ይሁን እንጂ ፕሮቲን ለመሥራት የሚያገለግለው ክፍል ከጠቅላላው ጽሑፍ ከመቶው ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። ደግሞም የዓይን ሕዋስና የጉበት ሕዋስ አንድ ዓይነት መዝገብ ይዘው ሳሉ ሥራቸው የተለያየ ነው። ታዲያ የትኛው ግልባጭ፥ መቼና ምን ያህል በሥራ ላይ ይዋል ብሎ የሚወስነው ማን ነው?

ከመልሶቹ አንዱ የመጣው ማንም ካልጠበቀው ቦታ ነው። ሲ. ኤሌጋንስ የምትባል፥ ርዝመቷ አንድ ሚሊሜትር ያህል የሆነች ትል በአፈር ውስጥ ትኖራለች። ሰውነቷ ብርሃን የሚያሳልፍ፥ ሕዋሶቿም ጥቂት ስለ ሆኑ፥ ሊቃውንት እድገቷን ሕዋስ በሕዋስ እየቈጠሩ ሊከታተሉት ችለዋል። በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቪክቶር አምብሮስና በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል የነበሩት ጋሪ ረቭከን ከየረዳቶቻቸው ጋር፥ የእድገቷ ሥርዓት የተዛባባቸውን ትሎች ይመረምሩ ነበር። አንደኛው ወገን ሊን 4 የተባለውን፥ ሁለተኛው ወገን ሊን 14 የተባለውን ዘረ መል ይዞ ሲሠራ፥ የሊን 4 ውጤት ፕሮቲን ሳይሆን 22 ፊደል ብቻ ያላት አጭር አር.ኤን.ኤ. ሆና ተገኘች። የሁለቱ ወገኖች ጽሑፍ ጐን ለጐን ሲነበብ የሊን 4 ፊደላት በሊን 14 ግልባጭ ጭራ ላይ ካሉት ፊደላት ጋር ይገጥማሉ፤ ትንሿም አር.ኤን.ኤ. እዚያ ላይ ተጣብቃ ግልባጩ ፕሮቲን እንዳይሠራበት ታግደዋለች። ነገሩ በ1993 በሁለት ጽሑፎች ታትሞ ወጣ። ብዙዎች ግን የአንዲት ትል ልዩ ጠባይ ነው ብለው አለፉት። ሰባት ዓመት ያህል ቈይቶ፥ በ2000፥ ሌት 7 የተባለችው ሁለተኛዋ ተገኘች፤ እርስዋ ደግሞ ከትሏ አልፋ በዓሣም በዝንብም በሰውም ውስጥ የምትገኝ ሆነች። ከዚያ ወዲህ የትሏ ጠባይ ነው ብሎ የተከራከረ የለም። ለሁለቱም ሊቃውንት በ2024 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

በሰው ሕዋስ ውስጥ የሚገኙት የማይክሮ አር.ኤን.ኤ. ዓይነቶች በብዙ መቶ ይቈጠራሉ፤ ፕሮቲን ከሚሠሩት ዘረ መሎችም ከግማሽ የሚበልጡት በእነርሱ ቍጥጥር ሥር እንደሚውሉ ይገመታል። አሠራራቸው የልብስ ሰፊ ሥራ ይመስላል። በመጀመሪያ ረጅም ሆነው ይገለበጣሉ፤ ድሮሻ የተባለው መቍረጫ 70 ፊደል ያህል ያለው፥ እንደ ጠጕር መያዣ ሽቦ የታጠፈ ቍራጭ ያወጣል፤ ቍራጩም ከሕዋሱ አስኳል ከወጣ በኋላ ዳይሰር የተባለው ሁለተኛው መቍረጫ ይከረክመዋል። ከታጠፈው ቍራጭ ሁለት ገመድ ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜ አንደኛው ይጣላል፥ ሌላው አርጎኖት በተባለ ፕሮቲን ላይ ተቀምጦ የግልባጮችን ጭራ ይፈትሻል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጉት ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ድረስ ያሉት ፊደላት ናቸው፤ እነርሱ ከግልባጩ ጋር ከገጠሙ ግልባጩ ይታገዳል ወይም ይፈርሳል። ሥራው ግን ጨርሶ ማጥፋት አይደለም፤ ልጓም መያዝ ነው እንጂ። ፈረሱ ይሄዳል፥ ነገር ግን አይጋልብም።

እንግዲህ ከ22 ፊደል አንዱ ቢለወጥ ምን ይሆናል? ይህን የግዕዝና የአማርኛ መምህራን ከማንም ይልቅ ይረዱታል። «ሰላም» የሚለውን ቃል አንዱ በእሳቱ ሰ፥ ሌላው በንጉሡ ሠ ቢጽፈው አንባቢው ሳይደናገር ያልፋል። በግዕዝ ግን «ሠረቀ» ሲል ፀሐይ ወጣ ማለት ሲሆን፥ «ሰረቀ» ሲል የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው። (ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ ወይስ አይቀነሱ የሚለው ክርክር ለሌላ ጉባኤ የሚተው ነው።) በዲ.ኤን.ኤ.ም እንዲሁ ነው። ማናቸውም ሰው ከጐረቤቱ በብዙ ሚሊዮን ፊደል ይለያል፤ ከእነዚህ ልዩነቶች እጅግ የሚበዙት እንደ «ሰላም» ምንም የማይጐዱ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ግን ቃሉን ያስለውጣሉ። ጭንቁ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ በዓይን ብቻ ለይቶ ማወቅ አለመቻሉ ነው፤ የዚህ ንግግር ፍሬ ነገርም እዚህ ላይ ነው።

ነቀርሳ በአጭሩ የልጓም መበጠስ በሽታ ነው። መከፈሉን ማቆም የሚገባው ሕዋስ ሳያቆም፥ መሞት የሚገባውም ሳይሞት ሲቀር ዕጢ ይሆናል። ስለዚህ ከትሏ ልጓም ተነሥቶ ወደ ነቀርሳ መድረስ ሩቅ መንገድ አልነበረም። የመጀመሪያውን ማስረጃ በ2002 ያቀረቡት ጆርጅ ካሊንና ካርሎ ክሮቼ ከባልደረቦቻቸው ጋር ነበሩ። በጎልማሶችና በሽማግሌዎች ላይ የሚመጣ፥ ቀስ ብሎ የሚሄድ የደም ነቀርሳ አለ። በዚህ በሽታ ከተያዙት ከግማሽ በሚበልጡት ዘንድ በነቀርሳው ሕዋሳት ውስጥ ከ13ኛው ክሮሞሶም ላይ አንድ ቍራጭ ጠፍቶ ይገኛል። ሊቃውንቱ ከጠፋው ቍራጭ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራውን ጥፋተኛ ዘረ መል ለብዙ ዓመት ሲፈልጉ ቈዩ፤ ነገር ግን አላገኙትም። በኋላ በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ተቀምጠው የተገኙት ሚር 15 እና ሚር 16 የተባሉ ሁለት ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. ናቸው። እነዚህም ቢ.ሲ.ኤል. 2 የተባለውን፥ ሕዋስ በጊዜው እንዳይሞት የሚከለክለውን ፕሮቲን የሚገቱ መሆናቸው በ2005 ታየ። ልጓሙ ሲጠፋ የደሙ ሕዋስ መሞቻው ቀን አልፎም ይኖራል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ዘወትር የሚያደባልቁት ነገር አለ፤ መጻሕፍትም ሁልጊዜ በግልጽ አይለዩትም። በ13ኛው ክሮሞሶም ላይ የደረሰው መጥፋት በዘር የመጣ አይደለም። ሰውየው ሲወለድ መዝገቡ ሙሉ ነበር፤ ጉድለቱ የመጣው በዕድሜው ውስጥ፥ በአንድ የደም ሕዋስና ከእርሱ በተባዙት ብቻ ነው። ለልጆቹም አይተላለፍም። «በዘረ መል ላይ የደረሰ ጉዳት» ማለትና «የተወረሰ ጉዳት» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ነገር ግን እነዚያው ተመራማሪዎች በ2005 የበሽተኞቹን ጤነኛ ሕዋሳት ጭምር በመረመሩ ጊዜ፥ ከ75 በሽተኞች በ2ቱ ላይ፥ ከሚር 16 አጠገብ አንዲት ፊደል ከውልደት ጀምሮ ተለውጣ አገኙ፤ በሲ ፋንታ ቲ ተጽፋለች። ይህችን ፊደል የያዘው ጽሑፍ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ.ውን የሚያመርተው በጥቂቱ ብቻ ነው። ነቀርሳ በሌለባቸው 160 ሰዎች ላይ ግን አልተገኘችም። በ2007 ደግሞ ኒውዚላንድ ብላክ በሚባሉት፥ ይህን የመሰለ የደም በሽታ በተፈጥሮ በሚይዛቸው የአይጥ ዘሮች ላይ፥ በዚያው ሠፈር የፊደል ለውጥ መኖሩ ታወቀ። የአይጦቹ ምስክርነት ከባድ ነው። የሰዎቹ ግን ሁለት ሰው ብቻ መሆናቸውን መርሳት አይገባም።

በ2008 ነገሩ ብርቅ ከሆነው ለውጥ ወደ ብዙዎች ወደሚሸከሙት ልዩነት ተሻገረ። አልበርት ደ ላ ሻፔል የተባሉት የፊንላንድ ተወላጅ ሊቅ ከጓደኞቻቸው ጋር፥ በአንገት ላይ የሚገኘውን፥ ሲያብጥ እንቅርት የሚባለውን የታይሮይድ ዕጢ ነቀርሳ መረመሩ። ሚር 146 የምትባለው ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. ታጥፋ በምትቈረጥበት ቍራጭ ላይ አንዳንዱ ሰው ጂ፥ አንዳንዱ ሲ ይዟል። ሲ የሆነ እንደ ሆነ እጥፋቱ በዚያች ቦታ በደንብ አይገጥምም፤ የሚመረተውም ያንሳል። ከ608 በሽተኞችና ከ901 ጤነኞች በተገኘው ቍጥር መሠረት፥ ከአንደኛው ወላጅ ጂ፥ ከሌላው ሲ የወረሱት ሰዎች በበሽታው የመያዛቸው ዕድል ከአንድ ተኩል እጥፍ ጥቂት የበለጠ ነው ተባለ። የሚያስገርመው፥ ሲን ከሁለቱም ወላጆች የወረሱት ይልቁን የተጠበቁ መስለው መታየታቸው ነበር። ሲ ጎጂ ከሆነች ሁለት ሲ ከአንድ ሲ ይልቅ ሊጐዳ በተገባው ነበርና። ለዚህ እንቆቅልሽ በ2009 ማብራሪያ ቀረበለት፤ ሁለቱን ፊደል የያዘ ሰው ከሚጣለው ገመድ ጭምር ተጨማሪ ተቈጣጣሪዎችን ይሠራል ተባለ። ማብራሪያው ብልሃት ያለው ነው። ይሁን እንጂ በ2012 በብሪታንያ በተደረገው ሰፊ ምርመራ ስለ ሌሎች ፊደላት የተባለው ሲጸና፥ የዚህች ፊደል ነገር ሊጸና አልቻለም።

ከሁሉ ይልቅ ሊቈዩበት የሚገባው ግን የኬራስ ታሪክ ነው። ሌት 7 የራስ ወገን የሚባሉትን ዘረ መሎች ግልባጭ እንደምትገታ በ2005 ታውቆ ነበር፤ ኬራስም ከእነርሱ አንዱ ነው። ኬራስ ለሕዋሱ «እደግ፥ ተከፈል» የሚለውን ትእዛዝ የሚያስተላልፍ በመሆኑ በሳንባ፥ በአንጀትና በቆሽት ካንሰር ውስጥ ተበላሽቶ መገኘቱ የተለመደ ነው። እንግዲህ በግልባጩ ጭራ ላይ ልጓሙ የሚታሰርበት ቀለበት በአንድ ፊደል ቢለወጥ ልጓሙ ይላላል ብሎ መገመት ተገቢ ነው። የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 እንዲህ ያለች ፊደል፥ በቲ ፋንታ ጂ የተጻፈች፥ መኖርዋን አስታወቁ። ከሳንባ ካንሰር በሽተኞች መካከል ከመቶው 18 እስከ 20 ላይ ስትገኝ፥ በዓለም ሕዝብ ዘንድ ግን ከመቶው 6 እንኳ እንደማትሞላ ጻፉ። በ2010 ደግሞ ያችው ፊደል እንቁልጢ በተባለው፥ የሴቲቱ እንቁላል በሚበስልበት አካል ላይ ለሚወጣ ነቀርሳ ምልክት ናት ተባለ።

ሐሳቡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተያያዘ፥ ለጥቁር ሰሌዳም የሚመች ነበር። ፊደሏ ትለወጣለች፤ ልጓሙ ይላላል፤ ኬራስ ይበዛል፤ ሕዋሱ ያብጣል። ብዙም ሳይቈይ ፊደሏን የሚፈልግ ምርመራ በገንዘብ ይሸጥ ጀመር። ነገሩ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ሰው ቤት የገባው ያን ጊዜ ነው። አንዲት ጤነኛ ሴት የምርመራ ወረቀት ተሰጥቷት «ይህች ፊደል አለብሽ» ብትባል፥ ሳልታመም እንቁልጢዬን ላስወጣ ወይስ ልተወው የሚል ጥያቄ ይደርስባታል፤ ሁለቱንም ማስወጣት ደግሞ ከዚያ በኋላ በተፈጥሮ አለመፅነስ ማለት ነው። እኅቶቿና ሴት ልጆቿም በየተራቸው ያንኑ ጥያቄ ይወርሳሉ።

በ2011 ብዙ የምርምር ቡድኖች ያላቸውን አንድ ላይ አድርገው፥ ከ8,000 የሚበልጡ የእንቁልጢ ነቀርሳ በሽተኞችንና 10,000 ያህል ጤነኛ ሴቶችን አመዛዘኑ። ፊደሏ በሁለቱም ወገን እኩል ተገኘች። የመጀመሪያዎቹ አጥኚዎች ውጤቱን ተቃወሙ፤ ክርክሩም ጥቂት ዓመት ቈየ። በ2016 ከ140,012 ሴቶች በተሰበሰበ መረጃ ጥያቄው እንደገና ተመረመረ፤ ፊደሏ ለእንቁልጢም ሆነ ለጡት ነቀርሳ አደጋ ምልክት እንዳልሆነችና ለሕክምና ውሳኔ እንደማትጠቅም ተደመደመ። ባማረ ሐሳብና በትክክለኛ ሐሳብ መካከል ያለውን ልዩነት ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

የመጀመሪያው ግምት እንዴት ሊሳሳት ቻለ ለሚለው፥ ሁለት የታወቁ ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ዕድል ነው። አርባ ተማሪ ባለበት ክፍል እያንዳንዱ ልጅ አንድ ሳንቲም አምስት ጊዜ ቢወረውር፥ አምስቱንም ጊዜ አንበሳው ወደ ላይ የሚወጣለት ልጅ ሊገኝ ይችላል፤ ከ32 አንድ ጊዜ የሚሆን ነገር ነውና ከ40 ልጆች አንዱ ቢያገኘው አያስደንቅም። ያንን ልጅ ጠርቶ «አንተ ሳንቲም የመወርወር ልዩ ተሰጥኦ አለህ» ማለት ግን ስሕተት ነው። ደግሞ ሌላ አምስት ጊዜ ይወርውር፤ የዚያን ጊዜ ይታያል። ብዙ ፊደል፥ በብዙ ዓይነት ነቀርሳ፥ በጥቂት ሰዎች ላይ የሚመረምር ሁሉ አንዳንድ የአንበሳ ልጆች ማግኘቱ አይቀርም። የተገኘው ሲታተምና ያልተገኘው በመሳቢያ ሲቀር ደግሞ አንባቢው የሚያየው አንበሳውን ብቻ ነው። ሁለተኛው ወጥመድ የሕዝቦች መቀላቀል ነው። የኬራስ ፊደል በአውሮፓ ተወላጆች ዘንድ ከሌሎች ሕዝቦች ይልቅ በብዛት ትገኛለች። ስለዚህ አብዛኞቹ የአውሮፓ ዘር የሆኑ በሽተኞችን ከዓለም ሕዝብ አማካይ ጋር ቢያመዛዝኗቸው፥ ፊደሏ ምንም ሳታደርግ ጥፋተኛ መስላ ትታያለች። የደጋ ተማሪዎችን ቁመት ከመላው አገር አማካይ ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን ለመምህራቸው ከመስጠት አይለይም።

ይህ ሲባል ግን ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት እንዳይመስል፥ ፈተናውን ያለፈ አንድ ማስረጃ መጥቀስ ያስፈልጋል። በትንንሽ ልጆች ሳንባ ላይ የሚወጣ፥ ፕሉሮፑልሞናሪ ብላስቶማ የተባለ እጅግ ብርቅ የሆነ ዕጢ አለ፤ በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥም ይደጋገማል። በ2009 አሽሊ ሂልና ባልደረቦቻቸው እነዚህን ቤተሰቦች መርምረው፥ በአብዛኞቹ ዘንድ የዳይሰር ዘረ መል፥ ይኸውም ከላይ የተነገረው ሁለተኛው መቍረጫ የሚሠራበት ዘረ መል፥ በአንደኛው ቅጂ ተበላሽቶ አገኙት። የብልሽቱ ቦታ በየቤተሰቡ የተለያየ ሳለ የሚያበላሸው ግን አንዱን መሣሪያ ነው፤ ይህ በዕድል የሚሆን ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ በሌሎች አገሮች በተመረመሩ ቤተሰቦችም ጸንቷል። ጥበቡ እየጠለቀ ሲሄድም፥ በዕጢው ውስጥ ሁለተኛው ቅጂ ደግሞ ብዙ ጊዜ በመቍረጫው ስለት ላይ ተመትቶ መገኘቱ ታወቀ። የመጀመሪያው ጉድለት ከወላጅ ይመጣል፤ ሁለተኛው በሕፃኑ አካል ውስጥ ይደርሳል። ሁለቱ ካልተገናኙ ዕጢ አይወጣም። ስለዚህ የተበላሸውን ቅጂ ከወረሱት ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያ ዕጢ ሳይነካቸው ይኖራሉ። የቤተሰቡ ችግር የታወቀላቸው ሕፃናት ግን ገና በሕፃንነታቸው በራጅና በመሳሰለው ሳንባቸው ይታያል፤ ዕጢው በመጀመሪያ ደረጃው፥ አየር እንደ ቋጠረ ከረጢት ሳለ ከተገኘ፥ የመዳን ተስፋቸው ከፍ ያለ ነው።

ወደ ተማሪው ጥያቄ ሲመለሱ፥ መልሱ በሦስት ቃል አይወሰንም እንጂ ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበዛ አይደለም። ከነቀርሳ በሽታዎች ሁሉ ከመቶው ከአምስት እስከ አሥር የሚሆኑት ብቻ በተወረሰ ከባድ የዘረ መል ጉዳት እንደሚመጡ ይገመታል። የቀሩት የሚመጡት በዕድሜ፥ በትንባሆ፥ በአንዳንድ ቫይረስና ሕዋስ ራሱን ሲያባዛ በሚፈጽመው ስሕተት ነው፤ የተወረሱ ቀላል ልዩነቶች በእነዚህ ላይ የሚጨምሩት ጥቂት ጥቂት ነው። በጥቃቅኖቹ ተቈጣጣሪዎች ላይ የሚገኙት የተለመዱ የፊደል ልዩነቶች የሚመደቡት፥ ከጸኑ፥ ከእነዚህ ከቀላሎቹ ጋር ነው። ማንንም ሰው አታግባ ወይም አትዳሪ የሚያሰኝ ፊደል በእነርሱ መካከል አልተገኘም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ብዙ ሰዎች በወጣትነታቸው በአንድ ዓይነት ነቀርሳ ሲያዙ ግን ጉዳዩ የሐኪም ነው፤ ልጁን ዝም በል ብሎ ማሰናበት አይገባም። በቫይረስ የሚመጣው የማሕፀን በር ነቀርሳ ደግሞ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚበዙት አንዱ ሲሆን፥ መከላከያ ክትባቱ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በአብዛኛው በትምህርት ቤቶች በኩል መሰጠት ጀምሯል። ስለ ነቀርሳ ሲያስተምሩ ስለ ውርሻ ብቻ ተናግሮ ይህን መዝለል ሚዛን የጐደለው ትምህርት ይሆናል።

ለምሥራቅ አፍሪካ መምህራን ሊሰወር የማይገባው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከላይ የተነገሩት ቍጥሮች ከማን ደም የተወሰዱ ናቸው ቢባል፥ አብዛኞቹ ከአውሮፓ ተወላጆች ነው። እስከ 2018 ድረስ በዓለም ላይ በተደረጉት ታላላቅ የዘረ መል ምርመራዎች ከተካፈሉት ሰዎች ከመቶው 78ቱ የአውሮፓ ዘር የነበሩ ሲሆኑ፥ አፍሪካውያን ከመቶው 2 ያህል ብቻ ነበሩ። ይህ የሆነው የአፍሪካ ሕዝቦች ከማንኛውም አህጉር ይልቅ የበዛ የፊደል ልዩነት ተሸክመው ሳሉ ነው። የታይሮይድ ዕጢ ነቀርሳ ሲነሣ የተጠቀሰችው የሚር 146 ፊደል ሲ እንኳ በአውሮፓ ከጂ ያነሰች፥ በምሥራቅ እስያ ግን የበዛች ናት፤ ስለዚህ በአንዱ አህጉር የተሰላው አደጋ ለሌላው እንዲሁ አይተላለፍም። የሰውን ልጅ ልዩነት ለመመዝገብ ታስቦ በ2015 የተፈጸመው፥ የሺሕ ሰዎች ጂኖም የተባለው ሥራ ከ26 ሕዝቦች የተውጣጡ 2,504 ሰዎችን አንብቧል። ከአፍሪካ ምድር የገቡት ከናይጄርያ፥ ከጋምቢያ፥ ከሴራሊዮንና ከኬንያ ነበሩ። ከኢትዮጵያ ማንም አልነበረበትም፤ ከምሥራቅ አፍሪካ በጠቅላላው የተካፈሉት በኬንያ በዌቡዬ የሚኖሩ 99 የሉህያ ሰዎች ናቸው።